ከባድ የጀርመን ፍልስፍናና የድሮ ሳይንስ ፊክሽን ፊልሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የካንትን መጽሐፍ ከፍተው በሦስተኛው ገጽ ለዘጉ፣ የድሮ ፊልም ጀምረው በአሥረኛው ደቂቃ ስልካቸውን ላነሱ ሁሉ፤ ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍልስፍናውና ፊልሙ ምን ያገናኛቸዋል?

የሚያብሰለስላቸው ጉዳይ አንድ ነው። ሰው ምንድን ነው? የማየው ዓለም እውነት ነው ወይስ አእምሮዬ የሠራው? ማሽን ለሰው ያድራል ወይስ ሰው ለማሽን? ካንት፣ ሄግል፣ ኒቼና ሃይደገር ይህን በመጽሐፍ ሞገቱ። ከ1920ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የተሠሩ ምርጥ ሳይንስ ፊክሽን ፊልሞች ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጭነው ምን እንደሚሆን አሳዩን።

ሌላም ዝምድና አላቸው። ሁለቱም አያባብሉም። ገና ከመጀመሪያው የሚያስደስት ነገር አይሰጡም። እኔ ጎን ለጎን ማስኬድ ከለመድኩ ወዲህ መጽሐፉም ፊልሙም ቀሎኛል። ፊልሙ ጉዳዩን በዓይን ያሳያል፣ መጽሐፉ ክርክሩን ይሰጣል። አንዱ ሲያደክም ሌላው ያበረታል።

ፍልስፍና ተምሬ አላውቅም። ባነብ ይገባኛል?

መነሻውን በደንብ ከመረጣችሁ ይገባችኋል። ካንት በ1784 በርሊን ውስጥ ይታተም በነበረ መጽሔት ላይ «አብርሆት ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ መልስ ጽፏል። ጥቂት ገጾች ናት። የተጻፈችው ለመጽሔት አንባቢ እንጂ ለፕሮፌሰር አይደለም።

አብርሆት ማለት ሰው በራሱ ጥፋት ከተዘፈቀበት ያለመብሰል መውጣቱ ነው ይላል። ያለመብሰል ማለት ደግሞ ያለ ሌላ ሰው መሪነት በራስ አእምሮ መጠቀም አለመቻል ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። «በራሱ ጥፋት» ያለው ለምንድን ነው? መልሱ ወዲያው ይመጣል። ጉድለቱ የአእምሮ ሳይሆን የድፍረት ነው። ቀጥሎ ነገሩን ወደ ቤታችን ያመጣዋል። በእኔ ፈንታ የሚያስብ መጽሐፍ፣ በእኔ ፈንታ ኅሊና የሚሆነኝ የነፍስ አባት፣ የምበላውን የሚመርጥልኝ ሐኪም ካለኝ፣ እኔ ምን አደከመኝ? ይላል። ይህን አንብቦ ያሰበበት ሰው ካንትን ማንበብ ጀምሯል። ቀሪው መንገዱን መቀጠል ነው።

እነዚህ ሰዎች ለምን እንዲህ አክብደው ጻፉ? አውቀው ነው?

ካንት ስለራሱ ተናግሯል። ከ1770 በኋላ አሥር ዓመት ያህል ምንም ትልቅ ሥራ ሳያሳትም ቆየ። «የንጹሕ አመክንዮ ሂስ» በ1781 ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለፈላስፋው ሞሰስ ሜንደልስዞን በጻፈው ደብዳቤ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሐሳቡን በአራት ወይም አምስት ወር ውስጥ እንዳሰፈረውና ለይዘቱ እንጂ ለአጻጻፉ ብዙም እንዳልተጨነቀ ገልጿል። ስለዚህ ሲከብዳችሁ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም።

የሄግል «የመንፈስ ፌኖሜኖሎጂ» ታሪክ ከዚህ ይብሳል። መጽሐፉን ያገባደደው በጥቅምት 1806 የናፖሊዮን ጦር ወደ የና ከተማ ሲገባ ነው። የእጅ ጽሑፉ ለአሳታሚው ይላክ የነበረው ጦርነት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። በርግጥ ጥድፊያ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። ሰዎቹ ከነሱ በፊት ስም ያልነበረውን ነገር ለመናገር ይታገሉ ነበር።

ሌላው ጀርመናዊ ፈላስፋ ሾፐንሃወር ግን በዚህ አይስማማም። ሄግልን አንባቢ ለማደናገር ሆን ብሎ የሚጽፍ አጭበርባሪ ይለዋል። በ1820 በርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ትምህርቱን ሄግል በሚያስተምርበት ሰዓት ላይ አደረገው። ተማሪው ወደ ሄግል ጎረፈ፣ የሾፐንሃወር ክፍል ጭር አለ። የሱ ጀርመንኛ ግን ጥርት ያለ ነው። ጥልቅ ሐሳብ የግድ በጨለማ መጻፍ እንደሌለበት የሱ መጻሕፍት ጥሩ ማስረጃ ናቸው።

ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ከላይ ካነሳኋት የካንት ጽሑፍ ጀምሩ። ከዚያ በ1785 የወጣው «የግብረ ገብ ሜታፊዚክስ መሠረት» የመጀመሪያ ክፍል ይከተል። ትልቁን «ሂስ» ከመንካታችሁ በፊት «ፕሮሌጎሜና»ን አንብቡ። በ1783 ያሳተመው «ሂሱ» አልገባንም ላሉት ነው፤ ያንኑ ነገር አሳጥሮ ይነግራችኋል።

ኒቼን የሚጀምር ሰው ሁሉ «ዛራቱስትራ»ን ያነሳል። እኔ አልመክርም። በምሳሌና በትንቢት የተሞላ ስለሆነ ማንኛውም አንባቢ የፈለገውን ያገኝበታል። በ1887 የወጣው «የግብረ ገብ የዘር ሐረግ» ይሻላል። ሦስት ድርሰት ነው፣ ክርክሩም እግር በእግር ይሄዳል። ሄግልን ስትከፍቱ መቅድሙን ዝለሉት። የጻፈው መጽሐፉን ጨርሶ በመሆኑ ውስጡን ለሚያውቅ ሰው ነው የሚናገረው። ስለ ጌታና ባሪያ ወደሚያወራው ክፍል ሂዱ። ሃይደገርን ደግሞ በ1953 ስለ ቴክኖሎጂ ከሰጠው ንግግር ጀምሩት። «ህላዌና ጊዜ» ይቆይ።

ከየትኛው ፊልም?

ከአጭሩ። የጆርጅ ሜልየስ የጨረቃ ጉዞ ፊልም በ1902 የተሠራ ነው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ቀጥሎ በ1962 የወጣውን የክሪስ ማርከር «ላ ዠቴ» እዩ። 28 ደቂቃ ነው። ከሞላ ጎደል በሙሉ የተሠራው ከቆሙ ፎቶግራፎች ነው። ተኝታ የነበረች ሴት ዓይኗን የምትገልጥባት አንዲት ቅጽበት ብቻ ትንቀሳቀሳለች። እሷን ጠብቁ።

ከዚያ የ1950ዎቹን የአሜሪካ ፊልሞች አስከትሉ፤ ቀለል ይላሉ። «ሜትሮፖሊስ»ን፣ «2001»ን፣ «ሶላሪስ»ን መጀመሪያ ላይ አትንኩ። ከነሱ ጀምረው ተስፋ የቆረጡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

የድሮ ፊልም ለምን ይንቀራፈፋል? እንቅልፌ ይመጣል።

በኩብሪክ «2001» (1968) የመጀመሪያዎቹ 25 ደቂቃዎች አካባቢ አንድም ንግግር የለም። በታርኮቭስኪ «ሶላሪስ» (1972) ውስጥ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ለደቂቃዎች ይነዳል፣ ሌላ ነገር አይከሰትም። ቀረጻው ቶኪዮ ውስጥ ነው። ለዛሬ ተመልካች ይህ ስህተት ይመስላል። አይደለም። ዳይሬክተሩ ጥያቄ እንድታነሱ ጊዜ እየሰጣችሁ ነው። ሰውየው ወዴት ነው የሚሄደው? ከምድር ሲለይ ምን ይዞ ይሄዳል? ፊልሙ ካልሞላው ቦታውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ተግባራዊ ምክር፦ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። መብራት አጥፉ። ከሥራ ደክሞ በመጡበት ማታ አትጀምሩ፤ የእሑድ ከሰዓት ይሻላል። ረጅም ከሆነ ለሁለት መክፈል ነውር የለውም። «ሶላሪስ» ራሱ ሁለት ክፍል ነው።

ጀርመንኛ አልችልም። የትኛውን ትርጉም ልያዝ?

አብዛኞቻችን በእንግሊዝኛ ነው የምናነበው። ለ«ሂሱ» በ1998 የወጣው የጋየርና የዉድ ትርጉም ጥንቁቅ ነው። በ1929 የወጣው የኬምፕ ስሚዝ ለጆሮ ይቀላል። ለሄግል የ1977ቱ የሚለር ወይም የ2018ቱ የፒንካርድ፤ ለ«ህላዌና ጊዜ» የ1962ቱ የማኳሪና የሮቢንሰን ይሁን። በካንት ገጾች ጠርዝ ላይ የምታዩዋቸው «ኤ» እና «ቢ» ያለባቸው ቁጥሮች የ1781ና የ1787 እትሞች ገጾች ናቸው። በየትኛውም ቋንቋ ብታነቡ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ከሌላ አንባቢ ጋር ለመነጋገር ይጠቅማሉ።

ያለ ገንዘብ የት ይገኛሉ?

የካንትና የኒቼ የቆዩ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ። «ሜትሮፖሊስ» ከጥር 2023 ጀምሮ በአሜሪካ የቅጂ መብት ጥበቃው አብቅቷል። የታርኮቭስኪን ፊልሞች የሩሲያው የፊልም ስቱዲዮ ሞስፊልም በዩቲዩብ ቻናሉ ከሰብታይትል ጋር ለቋል። አዲስ አበባ ያላችሁ የጎተ ኢንስቲትዩትን ቤተ መጻሕፍት ጎብኙ።

አንድ ከባድ ገጽ እንዴት ነው የሚነበበው?

በዝግታ፣ ከተቻለም ድምፅ አውጥቶ። ለኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህር አንዲት ንባብ ይዞ «አንድም… አንድም…» እያለ እንደሚተነትነው ነው። ካንትንም እንዲሁ ያዙት።

የ«ሂሱ» ሁለተኛ እትም መግቢያ እንዲህ በሚል ሐሳብ ይከፈታል፦ እውቀታችን ሁሉ ከልምድ መጀመሩ አያጠራጥርም፤ ከልምድ ይጀምራል ማለት ግን ሁሉም ከልምድ ይመነጫል ማለት አይደለም። ሁለቱን ግሦች አክብቡ። መጀመርና መመንጨት። መጀመር የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ሕፃን ሳያይና ሳይዳስስ ምንም አያውቅም። መመንጨት ግን የምንጭ ጉዳይ ነው። ዓይን ሁለት ነገር ተከታትሎ ሲሆን ያያል። አንዱ ሌላውን አመጣው የሚለውን ግን ዓይን አያየውም። ይህን ያመጣው አእምሮ ነው ይላል ካንት። መጽሐፉ በሙሉ ከዚች ልዩነት ተነስቶ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ግሦች ሳይለይ ያለፈ አንባቢ ሃምሳ ገጽ ሄዶ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር አድርጉ። ሰውየው ከማን ጋር እየተከራከረ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካንት እዚህ ከስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ሂዩም ጋር ነው። አንቀጹን በአንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጠርዝ ላይ ጻፉ፤ መጻፍ ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። ከቆማችሁበት ግን ለሳምንት አትቁሙ፣ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከአሥር ገጽ በኋላ ይጠብቃችኋል።

ማጠቃለያና የዩቲዩብ ቪዲዮ መጠቀም ነውር ነው?

በጭራሽ። ግን ከመጽሐፉ በኋላ ይሁን። ቀድማችሁ ካያችሁት የምታነቡት የሌላ ሰው መጽሐፍ ይሆናል። ካንት ያላት ያቺው «በእኔ ፈንታ የሚያስብ» ናት።

የትኛውን ፊልም ከየትኛው መጽሐፍ ጋር ላጣምር?

እኔ በጣም የምወደው ጥምረት «ሶላሪስ»ንና ካንትን ነው። ፕላኔቷ በአንድ ግዙፍ ውቅያኖስ የተሸፈነች ናት። ውቅያኖሱ የሚያስብ ይመስላል። ሳይንቲስቶች ለብዙ ዓመት አጥንተውት ምንም ነገር አልገባቸውም። እሱ ግን በመልሱ ከየራሳቸው ትዝታ ሰው እየሠራ ይልክላቸዋል። ኬልቪን ከዓመታት በፊት የሞተች ሚስቱን ሃሪን አጠገቡ ያገኛታል። ውቅያኖሱን ለማወቅ ሄደው ያገኙት ራሳቸውን ነው። ካንት ነገሩን በራሱ እንዳለ ሳይሆን ለኛ እንደሚታየው ብቻ ነው የምናውቀው ያለውን ብዙ ሰው በደረቁ ይሸመድደዋል። ይህን ፊልም ካያችሁ በኋላ ግን ሐሳቡ ያማል። ሃሪ እውነተኛ ሚስቱ እንዳልሆነች ራሷ ስታውቅ የምታሳየውን ፊት እዩ።

የፍሪትዝ ላንግን «ሜትሮፖሊስ» ከሄግል የጌታና የባሪያ ክፍል ጋር አጣምሩት። በሄግል ትንታኔ ጌታው የሚፈልገው ክብር ነው፤ የሚያከብረው ግን እሱ የሚንቀው ሰው ስለሆነ ክብሩ አያጠግበውም። ባሪያው ደግሞ በእጁ ሠርቶ ዓለምን ስለሚለውጥ በሥራው ውስጥ ራሱን ያገኛል። አሁን ፊልሙን እዩ። ከመሬት በታች 11811 የሚባል ሠራተኛ ትልቅ ሰዓት በሚመስል ማሽን ፊት ቆሟል። መብራት ወደበራበት ሁሉ የማሽኑን ክንዶች ይገፋል። ሲዝል የከተማዋ ገዢ ልጅ ፍሬደር ልብሱን ለውጦ ቦታውን ይወስዳል። ማሽኑ ዓይኑ እያየ የሰዓት ቆጣሪ ይሆናል፤ ልጁ አሥሩ ሰዓት አያልቅም ወይ ብሎ ይጮኻል። እዚህ ሠራተኛው በሥራው ራሱን አያገኝም፣ ይጠፋል እንጂ። ከሄግል ወደ ማርክስ የሚያሻግረው ድልድይ ይህ ነው። የፊልሙ መጨረሻ ግን ያሳዝነኛል። አለቃውና ሠራተኛው «ልብ» አስታርቋቸው ይጨባበጣሉ፤ የአሥር ሰዓቱ ፈረቃ ግን እንዳለ ነው። ላንግ ራሱ በኋላ መጨረሻውን እንደማይወደው ተናግሯል።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰዎች ተኝተው ሲነሱ ስሜት በሌላቸው ቅጂዎች የሚተኩበትን የ1956ቱን የአሜሪካ ፊልም፣ «የአካል ነጣቂዎች ወረራ»ን፣ ሃይደገር ስለ ብዙኃኑ ሰው ከጻፈው ጋር አንብቡት። «ሰው ምን ይለኛል» እያሉ መኖርን ያን ያህል የሚያስፈራ አድርጎ ያሳየ ፊልም አላየሁም። «ብሌድ ራነር» (1982) ለካንት ግብረ ገብ ይሆናል፦ ማንንም ሰው እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀም የሚለው ሕግ አራት ዓመት ብቻ እንዲኖሩ ተደርገው ለተሠሩት ሰው መሰል ፍጡራን ይሠራል? ጀርመናዊው ፋስቢንደር በ1973 ለቴሌቪዥን የሠራው ባለ ሁለት ክፍል «ዌልት አም ድራት» ደግሞ በኮምፒውተር ውስጥ ስለሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነው። በየትዕይንቱ መስታወት አለ። ማን ማንን እንደሚያይ ተከታተሉ።

«ሜትሮፖሊስ» ርዝመቱ ይለያያል። የትኛውን ልይ?

በ2010 የታደሰውን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚረዝመውን። ፊልሙ ጥር 10 ቀን 1927 በርሊን ውስጥ ሲመረቅ ይህን ያህል ረጅም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ለአሜሪካም ለጀርመንም ገበያ ተቆራረጠ። ሩብ ያህሉ ለዘላለም ጠፋ ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት ተለቀሰ። በ2008 ቦነስ አይረስ በሚገኝ የፊልም ሙዚየም ውስጥ ከሞላ ጎደል ሙሉ የሆነ ቅጂ ተገኘ። የካቲት 12 ቀን 2010 በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ሲታይ ብራንደንበርግ በር ላይ በትልቅ ስክሪን ሰው ብርድ ላይ ቆሞ አየው።

የተገኘው ቅጂ ጠባብ ፊልም ላይ የተገለበጠና የተጫጫረ ነበር። ስለዚህ ስታዩ ምስሉ ድንገት ዝናብ የሚዘንብበት ከመሰለ፣ ያ ሰማንያ ዓመት ጠፍቶ የነበረ ትዕይንት ነው። እኔ እነዚያን ጭረቶች እወዳቸዋለሁ። በ1984 በፖፕ ሙዚቃ አጅበው ያሳጠሩትም አለ። የጎትፍሪድ ሁፐርትስን የመጀመሪያ ሙዚቃ ሳትሰሙ ወደሱ አትሂዱ።

«2001» የኒቼ ፊልም ነው ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። የመክፈቻው ሙዚቃ ሪቻርድ ሽትራውስ በ1896 በኒቼ «ዛራቱስትራ» ተነሳስቶ የደረሰው ነው። ኒቼ ዝንጀሮ ለሰው መሳቂያ እንደሆነ ሁሉ ሰውም ለበላዩ ሰው እንዲያ ይሆናል ይላል። ፊልሙም ከዝንጀሮ መሰል ፍጡር ተነስቶ፣ በሰው አልፎ፣ ወደ አዲስ ፍጡር ያመራል። አጥንቱ ወደ ሰማይ ተወርውሮ የጠፈር መንኮራኩር የሚሆንባት ቅጽበት በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ትዘላለች።

ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ኒቼ ሰው በራሱ ፈቃድና ትግል ራሱን ይሻገር ነው የሚለው። በፊልሙ ውስጥ ወደ ላይ የሚጎትተው ከውጭ የመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ኒቼ ይህን አይቀበልም ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ፊልሙን የኒቼ ማብራሪያ አድርጎ ከመውሰድ ከኒቼ ጋር የሚሟገት አድርጎ ማየት ይጠቅማል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የካርል ማርክስ ሐውልት ቆሟል። ምሥራቅ ጀርመን በ1984 የሰጠችው ስጦታ ነው። የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ በዚያ ሰው ሐሳብ ሲከራከር፣ ሲከፋፈልና ሲሞት ኖሯል። የዚያ ዘመን በራሪ ወረቀቶች በቅራኔና በዲያሌክቲክ የተሞሉ ናቸው። ይህ ሁሉ ማርክስ ከሄግል የወሰደው ነው። ሄግልን ሳያነቡ የዚያን ትውልድ ክርክር ሙሉ በሙሉ መረዳት ይከብዳል። ለዚህ ብቻ እንኳ ጌታና ባሪያን ማንበብ ያዋጣል።

የዘርዓ ያዕቆብን «ሐተታ» ያነበበ ሰውም የካንት አጭር ጽሑፍ ባዕድ አይሆንበትም። የተወረሰውን ሁሉ በራስ አእምሮ መመርመር የሁለቱም ጉዳይ ነው። ሐተታውን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ? የሚለው ክርክር ገና አልተቋጨም፤ ያም ራሱ መከታተል የሚገባው ነው።

ካንትና ሄግል ስለ አፍሪካውያን የጻፉትን እያወቅሁ ለምን ላንብባቸው?

ጥያቄው ትክክል ነው፤ ማለሳለስ አያስፈልግም። ካንት በ1764 ባሳተመው ሥራ ስለ ጥቁር ሰዎች አሳፋሪ ነገር ጽፏል፤ የተደገፈውም ሂዩም በጻፈው ላይ ነው። ሄግል ደግሞ ከሞተ በኋላ በ1837 በታተመው የታሪክ ፍልስፍና ትምህርቱ አፍሪካን ከዓለም ታሪክ ውጭ አድርጓታል። መረጃ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በኢትዮጵያዊው ካህን በአባ ጎርጎርዮስ እርዳታ የተማረውን ይዞ የኢትዮጵያን ታሪክ ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው በ1681 ነው። መጽሐፉ በጀርመን ምድር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል።

እኔ እነዚያን ገጾች ሳልዘል ነው የማነባቸው። ካንት ማንንም እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀም ብሎ ሕግ አውጥቷል፤ በገዛ ሕጉ እዳኘዋለሁ። በ1795 «ዘላለማዊ ሰላም» ላይ አውሮፓውያን በሰው አገር የሠሩትን ግፍ ያወግዛል፤ ከቀድሞው ጋር አስተያዩት። ስለ ሄግል ደግሞ ሱዛን ባክ-ሞርስ የምትባል ተመራማሪ ያነሳችው ክርክር አለ። የሄይቲ ባሮች ከ1791 እስከ 1804 ተዋግተው ነፃ ሲወጡ ዜናው በጀርመን መጽሔት ይወጣ ነበር፤ ሄግልም ያነብበው ነበር። ጌታና ባሪያ የሚለውን ክፍል ያን እያሰበ ጽፎት ከሆነ፣ የምናነበው የጥቁሮችን ታሪክ ነው። የማይቀበሏት ሊቃውንትም አሉ። አንብባችሁ ፍረዱ።

ሃይደገር ናዚ ነበር። መጽሐፉን ማንበብ ትክክል ነው?

ግንቦት 1933 የፓርቲው አባል ሆነ፣ እስከ 1945 አልወጣም። የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተርም ነበር። ከ2014 ጀምሮ የታተሙት የግል ማስታወሻዎቹ ጸረ አይሁድ ሐሳብ እንደነበረው አሳይተዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ፈላስፎቹ ሐና አረንትና ሃንስ ዮናስ የሱ ተማሪዎች ነበሩ፣ ሁለቱም አይሁድ ናቸው። መምህራቸውን ይዘው ከመምህራቸው ጋር ተጣሉ። እነሱን ከሱ ጎን ማንበብ ሁነኛው መንገድ ይመስለኛል።

ፊልሙም ከዚህ አያመልጥም። «ሜትሮፖሊስ»ን የጻፈችው የላንግ ሚስት ቴያ ፎን ሃርቡ ናት። እሱ በ1933 አገሩን ጥሎ ወጣ፤ እሷ ቀረች፣ የናዚ ፓርቲ አባልም ሆነች። ያቺን የመጨረሻ የእርቅ ትዕይንት ይህን እያወቃችሁ ድጋሚ ስታዩዋት ሌላ ትመስላለች።

ፊልም ፍልስፍናን በትክክል ያሳያል ወይስ ያዛባል?

ሁለቱንም ያደርጋል። ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየኝ በ1974 የወጣው የጆን ካርፔንተር «ዳርክ ስታር» ነው። በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው። ባሕር ዳርቻ የሚጫወቱበትን ኳስ ቀለም ቀብተው ነው የጠፈር ፍጡር ያደረጉት። የፍልስፍናው ትዕይንት ግን ዕንቁ ነው። ቁጥር 20 ቦምብ ከመርከቧ ሳይላቀቅ ለመፈንዳት ይቆጥራል። ትእዛዝ አይሰማም። በበረዶ ውስጥ የተቀመጠው የሞተ አዛዥ «ፌኖሜኖሎጂ አስተምረው» ብሎ ይመክራል፤ ነገሮች ለአእምሯችን እንዴት እንደሚታዩ የሚመረምር ፍልስፍና ነው። ከመርከበኞቹ አንዱ ዱሊትል የጠፈር ልብስ ለብሶ ይወጣና ቦምቡን ይጠይቀዋል። መኖርህን በምን ታውቃለህ? ስለማስብ። ሌላ ነገር መኖሩንስ? ስሜት መቀበያዎቼ ስለሚነግሩኝ። እነሱ እንዳልተሳሳቱ በምን ታውቃለህ? የፈንዳ ትእዛዙስ በእርግጥ መጥቷል? ቦምቡ ላስብበት ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ክርክሩ እስከዚህ ድረስ የፈረንሳዊው ፈላስፋ የዴካርት ነው፤ ሁሉን መጠራጠር። ቦምቡ ግን ከጥርጣሬው አልወጣም። ከኔ በቀር ምንም የለም ብሎ ደመደመ፣ ሌላው ሰው ሲናገረው የሐሰት መረጃ ነህ አለው፣ ብርሃን ይሁን ብሎ ፈነዳ። የፌኖሜኖሎጂ መሥራች ሁሰርል የሚያስተምረው ይህን አይደለም። እሱ ዓለም አለ የሚለውን እምነት በቅንፍ ያስቀምጠዋል፣ አይክደውም። ሌሎች ሰዎችን እንዴት እንደምናውቅም ረጅም ትንታኔ አለው። ፊልሙ ጥያቄውን በትክክል አንስቶ መልሱን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። ቀሪውን ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የዴካርትን የመጀመሪያ ሁለት ማሰላሰሎች አንብቡ። ቀጥሎ ሁሰርል በ1929 ፓሪስ ላይ ከሰጣቸው ንግግሮች የወጣውን «ካርቴሳዊ ማሰላሰሎች» ክፈቱ፣ በተለይ አምስተኛውን፤ ቦምቡ ያልደረሰበት ክፍል እሱ ነው።